ፊልም አይደለም

እኛ ግቢ ሰው ሲጮህ ማንም አይደነግጥም። ሆሊውድ ነዋ። ከግድግዳ ማዶ አንዲት ሴት "እባክህ አትግደለኝ" እያለች ስታለቅስ ብንሰማ፣ "ዛሬ ደግሞ ማን ሥራ አገኘ?" እንባባላለን እንጂ ፖሊስ አንጠራም። በአንዲት የሣር መደብ ዙሪያ የተኮለኮሉ ትንንሽ ቤቶች ናቸው፤ ከነዋሪው ግማሹ ተዋናይ፣ ግማሹ ተዋናይ ነኝ ባይ ነው። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ። ፊልም ላይ ከዋናዎቹ ተዋንያን ጀርባ ዘንቢል ይዛ ውልብ የምትል ጎልማሳ ሴት ካያችሁ፣ ሰላም በሉኝ።

ታዲያ አንድ ልማድ ነበረን። ልምምድ የሰማ ጎረቤት "የማን ፊልም ነው?" ብሎ ይጣራል፤ ተለማማጁም በመስኮት ብቅ ብሎ የስቱዲዮውን ስም ይናገራል። በኩራት ነው የሚናገረው። ሥራ አግኝቶ የሚደብቅ ሰው በግቢያችን ታይቶ አያውቅም፤ ሳያገኙ አገኘን የሚሉት ግን ሞልተዋል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በፈረንጆቹ 1939 የጸደይ መግቢያ ላይ፣ ቴዎ ቬንድላንድ ያንን ልማድ አፈረሰው።

ቴዎ ጀርመን አገር ስሙ የታወቀ የመድረክ ተዋናይ ነበር። በናዚዎቹ ሲሳለቅ ቆይቶ፣ ወዳጆቹ መታሰር ሲጀምሩ ሸሽቶ መጣ። እዚያ ንጉሥ ሆኖ የተጫወተው ሰውዬ እዚህ አነጋገሩ ጀርመን ጀርመን ስለሚል የሆቴል አስተናጋጅ ሆኖ ለመታየት እንኳ አልበቃም። ቀጭንና ትሑት ሰው ነው፤ ብቻ ትንሽ መድረክ መድረክ ይለዋል። ቆሻሻ ሊደፋ ሲወጣ እንኳ መጋረጃ የተከፈተለት ነው የሚመስለው። "ጭብጨባውን እዚሁ ትቀበላለህ ወይስ ቤት ድረስ ላምጣልህ?" ስለው ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳኛል።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ክፍት ነበር። አቶ ዛይትሊን ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ። ከኦዴሳ የመጡ አይሁዳዊ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ባርኔጣ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ቴዎ አገሩን ሳይለምድ አውቶቡስ አያያዝ ያሳዩት፣ እንግሊዝኛውንም በኦዴሳ እንግሊዝኛ የሚያርሙለት እሳቸው ናቸው። ከማዶ ደግሞ ሄርማን ክሩግ አበባ ያጠጣል። ክሩግ ፀጉር አስተካካይ ነው። እሁድ እሁድ የጀርመኖች ማኅበር ቤት እየሄደ ይዘምራል። የጀርመን ቆንስላ ሰዎችን ፀጉር የሚቆርጠው እሱ ስለሆነ፣ ራሱን እንደ ግማሽ ቆንስል ይቆጥራል።

ከቴዎ መስኮት ንግግር ወጣ። "ይህቺ አገር ተኝታለች። እኛ ነቅተናል። በየፋብሪካዋ አለን፣ በየወደቧ አለን። አንድ ቀን ጠዋት ስትነሳ ጌታዋ ማን እንደሆነ ታያለች፤ ያኔ ለአይሁዶቿ የሚደርስላቸው አይኖርም።" ድምፁ የቴዎ አይመስልም። በረዶ ነው። በእጄ የያዝኩትን አንሶላ ገመድ ላይ ሳልሰቅለው ቀረሁ።

አቶ ዛይትሊን ግን ሳቁ። "ቴዎ፣ ብርቱካኑን ጉሮሮዬ ላይ አስቀረህብኝ እኮ። የማን ፊልም ነው?"

ቴዎ በመስኮት ብቅ አለ። ሊመልስ ፈገግታውን አዘጋጅቷል። ከዚያ አሻግሮ ክሩግን አየ። ክሩግ ማጠጫውን እንደያዘ ደርቆ ቀርቷል፤ ውሃው ጫማው ላይ ይፈሳል።

"ፊልም አይደለም" አለ ቴዎ።

"ምን አልክ ልጄ?"

"ፊልም አይደለም፣ አቶ ዛይትሊን።" መስኮቱን ዘጋው።

እኔ ነገር ካላጣራሁ ምግብ አይወርድልኝም። የባቄላ ሾርባ በሳህን ይዤ በጓሮ በር ገባሁበት።

"ይኸን የማቀርበው ለቴዎ ነው ወይስ ለናዚ? ለናዚ ከሆነ ጨው ልጨምርበት።"

አልሳቀም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል አጣብቋል። "ወይዘሮ ኦፓል፣ እርስዎ ወሬ ይወዳሉ" አለኝ።

"እወዳለሁ። መቅበርም እችላለሁ። ሁለት ባሎች ቀብሬአለሁ።"

ከዚያ ነገረኝ። ፊልም ነው። አሜሪካ ውስጥ ስለሚሠሩ የናዚ ሰላዮች የሚናገር፣ ናዚን በስሙ ጠርቶ የሚያጋልጥ ፊልም። እሱ የሰላዮቹን አለቃ ይጫወታል። ወሬው እንዳይወጣ ተብሎ የተዋናዮቹ ቃል የተጻፈበት ወረቀት ማታ ማታ ስቱዲዮው በር ላይ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ ቃሉን በጭንቅላቱ ይዞ ይመጣና እንዳይጠፋበት ጮክ ብሎ ይለማመዳል። ማስታወቂያው ላይ የሚወጣውም ስሙ የውሸት ነው። የጀርመን ቆንስላ ማን እንደሚሠራበት እያነፈነፈ ነው። ክሩግ ፊት ፊልም ነው ቢል ማታውኑ ቆንስላው ይሰማል።

"ያነፍንፉ። አንተ እዚህ፣ አለቆቻቸው እዚያ ጀርመን አገር።"

"እህቴም እዚያ ናት።"

እህቱ ኢርምጋርድ ድሬስደን ናት። ባሏን ወስደውታል፤ የት እንዳለ አይታወቅም። ከአገር መውጫ ፓስፖርቷ አንድ ሹም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። "የእኔ ስም ከዚህ ፊልም ጋር ከተነሳ ፓስፖርቱ አይፈረምም። እሷንም ወደ ባሏ ይልኳታል" አለ።

"ታዲያ ፊልሙን ተወዋ።"

"አሜሪካኖቹ ቪዛ የሚሰጧት ሥራ ያለው ዘመድ ዋስ ሲሆናት ነው። ሥራዬ ይኼ ነው። ሌላ ማን ሰጠኝ?"

ነገሩን ወደዚህም ወደዚያም አገላበጥኩት። ፊልሙን ቢተው ቪዛ የለም፤ ፊልሙ ቢታወቅ ፓስፖርት የለም። "እሺ፣ ለአቶ ዛይትሊን ብቻ ሹክ ልበላቸው" አልኩት። "እንደ ልጃቸው ነህ።"

"ፊታቸውን አያውቁትም እንዴ? የቀመሱት ሾርባ ጨው ካነሰው ከመንገድ ማዶ ይታወቅባቸዋል። ነገ ጠዋት ሰላም ካሉኝ ክሩግ ይነቃል። እሳቸው እስከጠሉኝ ድረስ ነው እህቴ ደህና የምትሆነው።"

ሾርባውን እንደመጣ መለስኩት።

በማግሥቱ ክሩግ ቋሊማ በወረቀት ጠቅልሎ የቴዎን በር አንኳኳ። "ወንድሜ፣ እኔ እኮ ከከሃዲዎቹ ቆጥሬህ ነበር" አለው፣ ሁላችንም እንድንሰማ ጮክ ብሎ። "እሁድ አብረን እንሄዳለን።" እምቢ ይበል? አብሮ ሄደ። ሲመለስ ኮቱ ላይ የናዚ ምልክት ያለባት ትንሽ ጌጥ ተሰክታ ነበር። ክሩግ ደረቱን ነፍቶ፣ ለቆንስላው ሰዎች "ተጸጽቶ የተመለሰ ልጅ ነው" ብሎ እንዳስተዋወቀውና ቴዎ መንገድ ላይ ስለነገረው እህቱም አንዲት ቃል ጣል እንዳደረገለት በጓሮ ለእኔ አወራልኝ። ቴዎ ውሸቱን የጀመረው ለመደበቂያ ነበር፤ አሁን ፓስፖርቱም እዚያው ውሸት ላይ ተንጠለጠለ።

ግቢው ጀርባውን ሰጠው። ሴቶቹ ልብሳቸውን በእሱ ቤት በኩል ካለው የገመድ ጫፍ አነሱ። "እንደምን አደራችሁ" ሲል በሮች ይዘጋሉ። እኔም በአደባባይ ሰላም አልለውም ነበር፤ እሱ ራሱ ነው የለመነኝ። አጃቢ ተዋናይ መሆኔ ምንም አልጠቀመኝም። አንድ ቀን ረስቼ ፈገግ አልኩለትና ሳል አስመስዬ አመለጥኩ። አቶ ዛይትሊን ወንበራቸውን እንኳ አዞሩት፤ ግድግዳ እያዩ መቀመጥ ጀመሩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነዋሪው ሣሩ ላይ ተሰበሰበ፤ ቴዎንም ጠሩት። የግቢው ባለቤት ወይዘሮ ቫንስ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመዋል። ጭቅጭቅ አይወዱም፤ ኪራይ በጊዜው ከተከፈለ ሰይጣንንም ያስቀምጣሉ።

"ሰውየው ይውጣ" አሉ አቶ ዛይትሊን።

"ኪራዩን ከፍሏል እኮ" አሉ ወይዘሮ ቫንስ።

"እኔም ከፍያለሁ። እሱ ካልወጣ እኔ እወጣለሁ።" ከዚያ ወደ ቴዎ ዞሩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "የእህቴ ልጆች ቪየና ናቸው። ናዚዎቹ መንገድ ላይ አንበርክከው አስፋልት በብሩሽ አስፈግፍገዋቸዋል፤ ሰው ከቦ እየሳቀ። እና ዛሬም እጠይቅሃለሁ። የማን ፊልም ነው? ዋሽተህም ቢሆን የአንዱን ስቱዲዮ ስም ጥራልኝ። አምንሃለሁ ልጄ። ማመን እፈልጋለሁ።"

ክሩግ በሩ መቃን ላይ ተደግፎ ያያል። እኔ ምላሴን ነክሼ የጫማዬን ጫፍ አየሁ።

ቴዎ አንገቱን ቀና አደረገ። ያንን በረዶ ድምፁን አወጣው። "ሽማግሌ፣ ከእንግዲህ ስሜን እንዳይጠሩ።"

አቶ ዛይትሊን ወንበር ፈለጉ፤ አንድ ሰው አቀበላቸው። ወይዘሮ ቫንስም "እንግዲህ ሰኞ ትለቃለህ" አሉት።

"የት ይሄዳል?" አለ ክሩግ፣ እያጨበጨበ። "እኔ ጋ ጓዳ ክፍል አለ። ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ነው።"

ቴዎ እምቢ የሚልበት ሰበብ የለውም። ቤት የለውም፣ ወዳጅ የለውም፤ ወዳጆቹን ሁሉ ራሱ አባሯቸዋል። "አመሰግናለሁ" አለ። ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሣሩን አቋረጠ፤ ክሩግ በሩን ከኋላው ዘጋው። ክሩግ ኪራይ ስለማያሳልፍ ወይዘሮ ቫንስ እንግዳውን አልከለከሉትም፤ አቶ ዛይትሊንም እወጣለሁ ቢሉም የሚሄዱበት አጡ።

ከዚያ በኋላ ብቻውን ያገኘሁት አንዴ ነው፤ ክሩግ ፀጉር ማስተካከያ ቤቱ ሳለ በጓሮዬ ብቅ አለ። መጋዘን ውስጥ ሥራ አገኘሁ ብሎት ነው ወደ ስቱዲዮ የሚሄደው። ከስቷል።

"ራት ላይ ምን እንደሚለኝ ያውቃሉ? 'አንተ የሙያው ሰው ነህ፤ በዚያ ፊልም ላይ ማን ማን እንደሚሠራ አጣርተህ ንገረን' ይለኛል። ሰኞ ይጠይቀኛል፣ ማክሰኞም ይጠይቀኛል።"

"እና ምን ትለዋለህ?"

"እያጣራሁ ነው እለዋለሁ።" ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፣ ግን ቶሎ ጠፋ። "የምተኛው መሐረብ ነክሼ ነው።"

"የፊልሙ ቃል በእንቅልፍህ እንዳያመልጥህ?"

"እሱማ ቢያመልጠኝ ክሩግ ደስታው ነው። የምፈራው የራሴን ቃል እንዳልናገር ነው።"

የሰጠሁትን ውሃ ጠጥቶ፣ መንገዱን ግራ ቀኝ አይቶ ሄደ።

የእህቱ ቴሌግራም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። አድራሻው የክሩግ ቤት ስለሆነ የከፈተውም ክሩግ ነው። ኢርምጋርድ ከሀምቡርግ ተሳፍራለች። መርከቡ የጀርመን ነው፤ ኒው ዮርክ ደርሳ እስክትወርድ ድረስ ከአገሯ ወጣች አይባልም፤ የቆንስላው አንዲት የሬዲዮ መልእክት ብትደርስ ካፒቴኑ ካቢኗ ውስጥ ቆልፎባት ይመልሳታል። ይኸን እኔም ቴዎም እናውቃለን። ለክሩግ ግን ድሉ የእሱ ነው። ብርጭቆዎቹን ቢራ ሞልቶ ትሪ ላይ ደረደረና ትሪውን ለቴዎ አሸክሞ በየበሩ ያንኳኳ ጀመር።

"እህቱ እየመጣች ነው። እኔ ነኝ ያስወጣኋት። ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው" ይላል በየደጁ። የሚቀበለው አጣ። እኔ አንዱን ብርጭቆ አነሳሁና ትንፋሽ ሳልወስድ ጨለጥኩት። ክሩግ ተገርሞ አየኝ፤ ቢራ የምወድ መስሎት ሌላ ጨመረልኝ።

አቶ ዛይትሊን በራቸውን በጥቂቱ ከፈቱ። ክሩግን እንዳላዩ አለፉት። ቴዎን ከነትሪው፣ ከነጌጡ፣ ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"እህት አለችህ?"

"አለችኝ።"

"አላወቅኩም ነበር። እሷ ምንም አላደረገችኝም። በሰላም ትግባ። አንተን ግን አላውቅህም።" በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

ትሪው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች መንቀጫቀጭ ጀመሩ። ቢራው እየተረጨ በቴዎ እጅጌ ወረደ። ክሩግ ትከሻውን አቀፈውና ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ።

"እዩትማ" አለ። "በደስታ እጁ ሲንቀጠቀጥ።"

ቴዎም አብሮት ሳቀ።