አዲስ ሃርድ ዲስክ፣ እምቢተኛ ላፕቶፕ

ልጆቼ፣ የላፕቶፕ ሆድ ተከፍቶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ አላየሁም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ስከፍት የኖርኩት የከባድ መኪና ኮፈን ነው፤ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር ስጎትት ጡረታ ወጣሁ። ይኼኛው ግን ከአውሮፕላን ላይ የሚታይ ከተማ ነው የሚመስለው። መንገድ አለው፣ ትንንሽ ሕንፃ አለው፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ማራገቢያ ኩርምት ብላለች። ብቻዬን ብሆን ስመለከተው እውል ነበር።

የከፈትነው ግን ቸግሮን ነው። እኛ ዘንድ ፅጌረዳ የምትባል ልጅ ትኖራለች፤ ለባለቤቴ ለመንበረ የአክስቷ የልጅ ልጅ ናት፤ ዲቪ ደርሷት ነው የመጣችው። የሐኪም ቤት አስተርጓሚ ለመሆን ስትማር ከርማ የመጨረሻ ፈተናዋ የዚያን ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቪዲዮ ነበር። ባለፈው ሳምንት የላፕቶፗ ሃርድ ዲስክ ሞተ። በስልክ መፈተን አይፈቀድም። አንዴ ቀጠሮ አስለውጣለች፤ ሁለተኛ የለም። ይህ ካለፋት የሚጠብቃት ሆስፒታል ቦታውን ለሌላ ይሰጣል። የሰው ላፕቶፕ እንዳንዋስ፣ የምናውቃቸው ልጆች ሁሉ የያዙት የመሥሪያ ቤታቸውን ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ የፈተናው ፕሮግራም አይጫንም።

የወንድሜ ልጅ አቤሴሎም ሳን ሆዜ ነው የሚኖረው፤ የኮምፒውተር ሰው ነው። እሑድ አዲሱን ዲስክ ገዝቶ፣ ሲስተሙ የሚጫንበትን ፍላሽ አዘጋጅቶ ሰጠን። «ጋሼ፣ እጅዎ መካኒክ ነው፤ በስልክ እየነገርኩዎት እርስዎ ይገጥሙታል» አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፌ ጀመርን።

«መጀመሪያ ባትሪውን ይንቀሉ።»

«ነቀልኩ።»

«አሁን አሮጌውን ዲስክ አውጥተው አዲሱን በጥርሱ በኩል ያስገቡ። ቀስ ብለው!»

«ይቺን ነው ዲስክ የምትሉት? ማስቲካ አታህልም እኮ። የሰው ፎቶ፣ የሰው ደብዳቤ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው የሚገባው?»

«ሁሉም፤ ያውም ቦታ ይተርፋል። በሉ ብሎኑን ያጥብቁ፣ ባትሪውን ይመልሱ፣ ፍላሹን ሰክተው ያብሩት። የሚጠይቅዎትን ይመልሱለት፤ የቀረውን ከኢንተርኔት እየሳበ ራሱ ይጭነዋል። እኔ ሚቲንግ ጆይን ማድረግ አለብኝ፤ ስጨርስ ኮል አደርግልዎታለሁ።»

አበራሁት። ራሱን ስቶ የነቃ ሰው ይመስል መጀመሪያ የጠየቀኝ ቀንና ሰዓት ነው። ይህችን ታህል እንግሊዝኛ አነባለሁ። ፅጌረዳ መኝታ ቤት ዘግታ የሕክምና ቃላት ታነበንባለች፣ መንበረ ወጥ ቤት ናት።

«መንበረ! ዛሬ ስንት ነው?»

ከቤተ ክርስቲያን የተሰጠን ካላንደር ማቀዝቀዣው ላይ ተለጥፏል። «ሃያ!» አለችኝ።

«ወሩ ስንተኛ ነው?»

«ሚያዝያ ነዋ! ፋሲካን ያከበርነው መቼ ነው?»

«ስንተኛ ነው ያልኩሽ።»

«መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር…» በጣቷ ቆጠረች። «ስምንተኛ!»

«ዓመቱስ?»

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሃል? አሥራ ስምንት ነዋ!»

«ሰዓቱስ?»

«አራት ሆኗል። ወይ ጣጣ!»

መነጽሬን አጥልቄ በአንድ ጣት እየለቀምኩ ጻፍኩ። ማሽኑ አንዳች ሳያጉረመርም ተቀበለኝ። ዋይፋዩንም አገኘ። ደስ አለኝ። «ኑ እዩ» ብዬ ልጣራ ስል ግን ቀይ ምልክት መጣና ቆመ።

ፅጌረዳ ወጥታ አነበበችው። «ሰርቨሩን ማግኘት አልቻልኩም ይላል፤ ሲስተሙን የሚስብበትን ኮምፒውተር ማለቱ ነው።»

አጥፍተን አበራነው። ያው ነው። መንበረ እጇን ጠርጋ መጣችና «ዋይፋዩ ነው፤ ትናንትም ቪዲዮ ሲቆርጥብኝ ነበር» ስትል የዋይፋዩን ሳጥን ነቅለን ሰካን። ያው ነው። በፅጌረዳ ስልክ ኢንተርኔት ሞከርን። ዲስኳን አውጥቼ እፍ ብዬ መለስኳት። ያው ነው። የሚገርመው ነገር፣ ከበይነ መረቡ ጋር ተገናኝቻለሁ እያለ ነው አላገኘሁም የሚለው። እንዲህ ያለ ሰው አታውቁም? በር ላይ ቆሞ «ቤቱ ጠፋኝ» የሚል?

አቤሴሎም ሲደውል ነገርነው። «ይዛችሁት ኑ፤ እኔው ጋ ትፈተናለች» አለ። መንበረ ምሳ ቋጥራ ሸኘችን።

ኤይት ኤይቲ አውራ ጎዳና ላይ ፍሪሞንትን እስክናልፍ ድረስ ፅጌረዳ ከጎኔ ሆና ቃላቷን ትወጣለች። ሐሞት ከረጢት፣ ጣፊያ፣ ቆሽት።

«ቆሽት ምን ይሠራል?» አልኳት።

«ስኳርን ይቆጣጠራል።»

«እኔ ደግሞ ለመናደድ ብቻ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበር።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልዘለቀም። «ጋሼ፣ ባይሠራስ?»

«እስኪ መጀመሪያ ምን እንደሆነ እንየው» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ፍርሃቴ እንዳለ ሆኖ፣ ያ ማሽን ምን እንደ ከለከለው ለማወቅ ልቤ ይጓጓ ነበር።

አቤሴሎም ዲስኳን አውጥቶ ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ጋር አገናኛት። ጤነኛ ናት። መለሳትና በራሱ ዋይፋይ ሞከረ። እምቢ። ፍላሹን እንደ ገና አዘጋጀው። እምቢ። ፀጉሩን አሸት አሸት አደረገ።

«ሌላ ዲስክ ልግዛ እንዴ? እስከዚያ ግን…» ብሎ ሰዓቱን አየ። ፅጌረዳ ሶፋው ጫፍ ላይ እጆቿን ጉልበቷ መሃል ቀብራ ተቀምጣለች።

«ቆይ» አልኩት። «ከጠዋት ጀምሮ የምታነቡልኝ ከላይ ያለውን ትልቁን ጽሑፍ ነው። ከሥር ያለችው ትንሿስ?»

«እሷ ዲቴይል ናት ጋሼ።»

«እኮ፣ ምን ትላለች?»

ተጫናት። የጽሑፍ መዓት ተዘረገፈ። በጣቱ እየተከተለ ወረደና «ሰርተፊኬቱ ገና አልጀመረም ትላለች» አለ።

«ወረቀት ደግሞ እንዴት አይጀምርም?»

«ምን መሰለዎት፣ ሰርቨሩ እኔ እከሌ ነኝ ብሎ የሚያሳየው መታወቂያ አለው። ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል። ማሽኑ ቀኑን አይቶ ነው የሚያምነው። እንደ እናንተ የወደብ አፖይንትመንት ነው፤ ከተሰጠዎት ሰዓት ቀድመው በሩ ላይ ቢደርሱ…»

«ይመልሱኛል።»

«ይመል…» አለና በመሃል ወደ ማሽኑ ዞረ። የሆነ ነገር ነካ፣ ማሽኑ ያለበትን ቀን አወጣ። «ኦገስት ሃያ፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት! ጋሼ፣ ይህን ቀን ማን ነው ያስገባው?»

«እኔ ነኛ። መንበረ እየነገረችኝ።»

ሳቁን አፍኖ ስልኩን አነሳ፣ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው። «እትዬ መንበረ፣ ዛሬ ስንት ነው?»

«ምን ነክቷችኋል ዛሬ? ሃያ ነው አልኩ እኮ!»

«በፈረንጅስ?»

«ውይ በሞትኩት! ባትሪው ሲነቀል ጊዜ ሰዓቱም ጠፋበት እንዴ?»

«ጠፍቶበት ነው የጠየቃችሁ። እናንተ ደግሞ በሐበሻ ነገራችሁት።»

«ታዲያ ምናለበት፣ እኛ ቤት ሲገባ የእኛን ቢለምድ!»

አያችሁልኝ ልጆቼ? ወደቡ በር ላይ ያን ሁሉ ዘመን የፈረንጅ ቀን ስጽፍ አንድ ቀን ተሳስቼ አላውቅም። ቤቴ ገብቼ፣ ቀኑን የሚነግረኝ የመንበረ ድምፅ ከሆነ ግን፣ የፈረንጁ ካላንደር ከጫማዬ ጋር ደጅ ይቀራል።

ፅጌረዳ ደግሞ ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች። «ለእሱ እኔ ገና አሜሪካ አልመጣሁማ! በዚያን ጊዜ እኮ መርካቶ የአጎቴ ሱቅ ጨርቅ እለካ ነበር።»

«እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል አልገባሁም» አለ አቤሴሎም፤ እየሳቀ ኤፕሪልን፣ ሃያ ስምንትን፣ ሁለት ሺህ ሃያ ስድስትን አስገባ። ያው ማሽን፣ ያችው ዲስክ፣ ያው ፍላሽ፤ አረንጓዴው መስመር ሳያንገራግር መሄድ ጀመረ። እስኪሞላ ሦስታችንም አጎንብሰን አየነው። የፈተናው ፕሮግራም የተጫነው ፈታኟ ልትደውል ጥቂት ሲቀራት ነበር።

ፈታኟ ክፍሉን በካሜራ አዙረሽ አሳይኝ አለቻት፤ ሌላ ሰው መኖር የለበትም። እኔና አቤሴሎም ወጥተን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። መስኮቱ ገርበብ ብሎ ስለነበር ድምፅዋ ይሰማናል። አንዲት ሴት በአማርኛ ሕመሟን ትናገራለች፤ ፅጌረዳ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ሐኪሙ ይጠይቃል፤ ፅጌረዳ በአማርኛ ታደርሳለች። መጀመሪያ ድምፅዋ ይቸኩል ነበር። ኋላ ረጋ። ሴትየዋ ሌሊት ትንፋሽ ያጥራታል፣ እግሯ ያብጣል፤ ለልጆቿ ግን አልነገረቻቸውም። ጆሮዬን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁ።

«ጋሼ፣ ይቅር፤ ያዩናል» አለኝ አቤሴሎም።

«ዝም በል፣ ስለ ልቧ ሊነግራት ነው።»

ልክ እዚያ ላይ አንድ የቆሻሻ መኪና እየጮኸ መጣና ሁሉን ዋጠው።

ብዙ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ፅጌረዳ ፊቷ ቀልቷል፣ አፏን በእጇ ይዛለች። አላስቻለኝም፣ ተነሳሁ።

«አለፍኩ» አለች። «ውጤቱን ወዲያው አሳዩኝ። አልፌያለሁ ጋሼ!»

አቤሴሎም ዘሎ አቀፋት። እኔም ግንባሯን ስሜ መረቅኋት። ከዚያ ግን አንዲት ጥያቄ መያዝ አቃተኝ።

«ሴትየዋስ?» አልኳት።

«የትኛዋ?»

«እግሯ የሚያብጠው። ሐኪሙ ምን አላት?»

«ጋሼ፣ ሴትየዋ እኮ የለችም። ለፈተና የተጻፈች ናት።»

«ትሁን። ምን አላት?»

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና አጠገቤ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «ልብሽ ደክሟል፣ ግን በመድኃኒት ይስተካከላል አላት። ጨው ቀንሺ፣ ለልጆችሽም ንገሪያቸው አላት።»

«ነገረቻቸው?»

«እዚያ ላይ ፈተናው አለቀ» አለች፤ ፊቴን አየችና ደግሞ እጄን ያዝ አድርጋ፣ «ትነግራቸዋለች ጋሼ» አለችኝ።