እጅ የማይገራው ራስ

ቱኒዚያ፣ ስፋክስ ከተማ ውስጥ፣ በእነ ሞንጂያ ሰፈር፣ የእሷ እጅ ያላሸው ጭንቅላት ከተገኘ ባለቤቱ ከሌላ ሰፈር የመጣ ነው። ሕፃን ተወለደ ሲባል የወይራ ዘይቷን ለብ አድርጋ ትሄዳለች፤ ግንባሩን ታሻለች፣ ግራና ቀኙን ትዳብሳለች፣ በሻሽ ሸብ ታደርግና "በሉ፣ ብርቱካን አስመስዬላችኋለሁ" ብላ ትወጣለች። የእንዲህ ዓይነቷ ሴት የልጅ ልጅ እንግዲህ ጭንቅላቱ እንደ ጀልባ ሞላላ ሆኖ ቁጭ አለ!

ኒዛርን ከተወለደ ጀምሮ ጠዋት ማታ አሸችው። አናቱ ላይ ከፊት ወደ ኋላ የተጋደመች ጠንካራ ሸንተረር አለች፤ እሷ ወይ ፍንክች! እርግብግቢቱም የለም ማለት ይቻላል። ሞንጂያ አፈረች። ያፈረ ሰው ደግሞ ጥፋቱን የሚያሸክመው አያጣም፤ እሷም አላጣችም።

"ምራቴ ናት" አለች፣ የአራስ ቤቱን የሰሊጥና የማር ጣፋጭ፣ ዝሪር፣ ሊቀምሱ ለመጡት ጎረቤቶች፣ ራድያ እየሰማች። "በአንድ ጎኑ አጋድማው እስኪነጋ ታንኮራፋለች።"

ራድያ አንገቷን ደፋች። ባሏ በሺር "ሐኪም እናሳየው" ባለ ቁጥር እናቱ መጀመሪያ "አርባው ይውጣ"፣ አርባው ሲወጣ ደግሞ "ዘይቱ ሥራውን ይጨርስ" እያለች ሦስተኛው ወር ተጋመሰ። አንድ ጠዋት ራድያ ልጇን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች።

"እማማ፣ ይምጡም ይቅሩም እኔ መሄዴ ነው።"

ሞንጂያ ተከተለቻት። እልህ ነው ያስከተላት።

ሐኪሟ በሸንተረሯ ላይ ጣቷን አንድ ጊዜ ሰደድ አደረገችና ራጅ አስነስታ ፊልሙን አሳየቻቸው።

"የሕፃን ራስ ቅል አንድ ወጥ አጥንት አይደለም፤ አጥንቶቹ የሚገናኙበት ስፌት አለው። አንጎሉ ሲያድግ ስፌቱ ይለቅለታል። የኒዛር የአናቱ ስፌት ግን ያለጊዜው ገጥሟል። ጭንቅላቱ ወደ ጎን መስፋት ሲያቅተው ረዘመ። መክፈት አለብን።"

"በቢላ?" አለች ሞንጂያ።

"አዎ እማማ፣ በቀዶ ጥገና። አሁን ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ይበቃናል። አራት ወር ካለፈው ግን ከጆሮ እስከ ጆሮ ነው።"

ሞንጂያ ሁለት እጇን አየች። "እኔ ነኝ" አለች። "ጠዋት ማታ ስጫነው አጣበቅኩት።"

"በእጅ አይጣበቅም። በአስተኛኘትም አይደለም። ማህፀን ውስጥ እያለ የገጠመ ነው። የእርስዎ ጥፋት ማዘግየትዎ ነው፤ እሱም ቢሆን ለጥቂት ደርሳችኋል።"

እፎይ! ሞንጂያ "አልሐምዱሊላህ" ብላ ዞር ስትል ራድያ ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች።

"ምነው ልጄ? ጥፋት የለብሽም ተባለ እኮ!"

"እሱ ነዋ የሚያስለቅሰኝ! በጎኑ እንዳይዞር ብዬ ይሄን ሁሉ ጊዜ ጭንቅላቱን በመዳፌ ይዤ ነው የማነጋው። እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም።"

ሞንጂያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ቀዶ ጥገናው በሳምንቱ ተደረገ፤ በደህና ወጣ። ቁስሉ ሲደርቅ ለኒዛር የራሱን ቅርጽ የሚያስይዝ ሄልሜት ተሠራለት፤ በቀን አንዲት ሰዓት ብቻ የሚወልቅ። ጎረቤቶች ሊጠይቁ መጡ።

"ውይ፣ ምስኪን!" አለች ካሚላ፣ የፊት ለፊቷ ጎረቤት። "በጎኑ በማስተኛት ይሄ ሁሉ?" ራድያን በዓይኗ ገረፍ አደረገቻት።

ሞንጂያ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። "ስሙኝ። ራድያ ምንም አላጠፋችም። እዚሁ ተቀምጬ ስሟን የጣልኩት እኔ ነኝ፤ እዚሁ ላንሳው። ስታንኮራፋ ሰምቻት አላውቅም። ልጅቷ ጭራሽ አልተኛችም ነበር! ከእንግዲህ እንዲህ ያለ አናት ያለው ልጅ ብታመጡልኝ ዘይቴን አላነሳም፤ ሐኪም ቤት ነው የምሰዳችሁ።"

"ታዲያ ያ ሁሉ የእጅሽ ሙያ ምን ሊውል ነው?" አለች ካሚላ።

ሞንጂያ ወደ ራድያ ዞራ ሁለት እጇን ዘረጋች።

"አምጪው። አንቺ ግቢና ተኚ።"

"በጎኑ ቢዞርስ፣ እማማ?"

"ይዙር! እኔ አለሁ።"

ራድያ ገባች። ጎረቤቶቹም አንድ በአንድ ወጡ። የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ የሞንጂያ ክንድ ከሄልሜቱ ስር ደንዝዟል፤ ግን ንቅንቅ አላለችም። ገርበብ ካለው በር ወዲያ፣ ራድያ ታንኮራፋለች።