የተቀደመ መርዶ

በ2010 ዓ.ም. ወገዳ ውስጥ በፌስቡክ የሚጨቃጨቅ ሰው ቢፈለግ መጀመሪያ የሚጠራው የእኔ ስም ነበር። የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ፤ ቀለመወርቅ እባላለሁ። ገጼን «ከወገዳ ሰገነት» ብዬ ሰይሜው ነበር። የምኖረው ግን አንዲት ክፍል የጭቃ ቤት ተከራይቼ ነው። ባንተአምላክ ይህን ባሰበ ቁጥር እንባው እስኪመጣ ይስቅብኝ ነበር።

ባንተአምላክ የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ልጅ ሳለ ቤተ ልሔም ከተባለው የዜማ ትምህርት ቤት ሄዶ ጥቂት ዓመት ድጓ ተምሯል፤ አባቱ ሲሞት ነው ትቶ ወደ ዘመናዊው ትምህርት የገባው። ያ ትምህርት ግን ከላዩ አልለቀቀም። እኔ አንድ ዜና በለጠፍሁ በደቂቃው ከሥሩ ይመጣና «ማን ነገረህ?» ብሎ ይጽፋል። «የመንግሥት ራዲዮ እስኪነግረን ብንጠብቅ እኮ ዓመቱ ያልፋል፤ ጋዜጣም ራዲዮም ሞተዋል፣ ዛሬ ዜናው ያለው እጃችን ላይ ነው» እለዋለሁ። «አንተ የኔታ ሳያርሙት ቅኔ ማሕሌት ገብቶ የሚጮህ ተማሪ ነህ» ይለኛል። ሰው እየመጣ ለእሱና ለእኔ ይከፋፈላል፣ ይሰዳደባል። ማታ ሁለታችን አንድ ሳህን ሽሮ ከብበን እንገኛለን። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ተኳርፈን አናውቅም።

ጥር ላይ ነው፣ ሐሙስ ቀን። ባንተአምላክ የከብት ክትባት ሊያመጣ ሰማያዊዋን የበረዶ ሳጥኑን ይዞ በጧት አውቶቡስ ወደ ደብረ ታቦር ሄዷል። ስድስት ሰዓት ላይ ከክፍል ስወጣ አንድ የድሮ ተማሪዬ ሦስት ፎቶ ላከልኝ። አውቶቡሱ ከመንገዱ ወርዶ ተገልብጧል። ሦስተኛው ፎቶ ላይ ሣሩ መሐል ሰማያዊዋ ሳጥን ክዳኗ ተከፍቶ ወድቃለች። ደወልሁለት።

«አራት ሰው ሞቷል ቲቸር» አለኝ። «ዶክተር ባንቴም አሉበት። እኔው ነኝ በነጠላ የሸፈንኋቸው።»

ያለቀስሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ ጻፍሁ። የትምህርት ቤቱ የውኃ ታንከር ጋ ኔትወርክ የሚገኝበት ቦታ ላይ ቆሜ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ጠመዝማዛው፣ ስለ አሮጌ አውቶቡሶች፣ የገጠር ሰው ሲሞት ዝም ስለሚለው ቴሌቪዥን ሁሉ ጻፍሁ። ከዚያ የሟቾቹን ስም ደረደርሁ። ፎቶዎቹንም ለጠፍሁ። ለጓደኛዬ ማዘኔ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ከማንም ቀድሜ መጻፌም ታውቆኛል፤ ይህን የምደብቀው ለማን ብዬ ነው?

ስምንት ሰዓት ላይ ቄሰ ገበዝ አድማሱ አስጠሩኝ። የባንተአምላክ እናት የእትዬ ካሣነሽ የነፍስ አባት ናቸው። ለጉዳይ ከተማ መጥተው ነው የሰሙት። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የደረሱት ስድስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ እኔ የቅርብ ጓደኛው ስለሆንሁ ሰባተኛ ሆንሁ። የእትዬ ካሣነሽ መንደር ከወገዳ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው።

«አስከሬኑ ጧት ይገባል» አሉ ቄሰ ገበዝ። «መርዶውን ጎህ ሲቀድ እንነግራታለን። ከእስቴ ወንድሟ እስኪደርስ፣ እህቶቿ እስኪሰበሰቡ ማንም ወደዚያ መንደር እንዳይወጣ። እራቷን ትብላ። አንድ ሌሊት እንኳ የልጅ እናት ሆና ትተኛ።»

በአገራችን መርዶ እንዲህ ነው። የሚያቅፍ ክንድ፣ የሚይዝ እጅ ሳይዘጋጅ አይነገርም። ሰው ብቻውን ቆሞ አይሰማም። ከመካከላቸው የማይስማማ አልነበረም፤ ማን ከፊት እንደሚገባ፣ ማን ከኋላዋ እንደሚቆም፣ ማን ውኃ እንደሚይዝ ሁሉ ተነጋገሩ። ከዚያ ቄሰ ገበዝ መስቀላቸውን አውጥተው «ወሬው ከአፋችሁ እንዳይወጣ» እያሉ አንድ በአንድ አሳለሙን። እኔም «እሺ አባ» ብዬ ተሳለምሁ።

ስሳለም የዋሸሁ አልመሰለኝም። ይህን ማንም እንደማያምነኝ አውቃለሁ። ፌስቡክ ላይ የጻፍሁት ግን ወሬ መሆኑ አልታየኝም። እዚያ ያሉት የአዲስ አበባ ሰዎች ናቸው፣ የባሕር ዳር፣ የዓረብ አገር ሰዎች ናቸው። እትዬ ካሣነሽ ፊደል አይለዩም፤ ያላቸው ስልክ ባለ ቁልፉ፣ ትንሹ ነው። መርዶ በእግር ይሄዳል፣ ዜና ሌላ መንገድ አለው ብዬ ነበር የማስበው፤ እንዲህ እያሰብሁ ሦስት ዓመት ስለ ሚዲያ ሰውን ሳስተምር ኖሬአለሁ።

«ለሐረገ ወይንስ ማን ይንገራት?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። «አጎቷ ይሂድና ይዟት ይምጣ። እናትሽን አመማት ብሎ ይንገራት፣ እዚህ ስትደርስ ትሰማለች።»

ያኔ ነው የነቃሁት። ሐረገ ወይን የባንተአምላክ አንድያ እህት ናት፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። እኔ የምጽፈውን አንድም ሳታስቀር የምታነብ ልጅ ናት።

«መጣሁ» ብዬ ከግንቡ ኋላ ዞርሁና ጽሑፉን ላጠፋ ስልኬን ከፈትሁ። ጽሑፌን ሁለት ሺህ ሰው አጋርቶታል። አንድ ትልቅ ገጽም ስሜን ጠርቶ ወስዶታል። ከሥሩ አንድ የማላውቀው ሰው «ይኼ ውሸታም ነው፤ ፎቶው የዛሬ ሁለት ዓመት የወጣ ነው» ብሎ ጽፏል። መቶ ምናምን ሰው አጨብጭቦለታል።

ጓደኛዬ ሞቶ ውሸታም እባላለሁ? ላጥፋው ብዬ የከፈትሁትን ትቼ መልስ መጻፍ ጀመርሁ። «ሟቹ ጓደኛዬ ነው፣ ሰማያዊዋን ሳጥን ተመልከት» አልሁት። መለሰልኝ። መለስሁለት። በመሐል ስልኬ ጠራ፤ ስልክ ከገባ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል፣ የጻፍሁትም ይጠፋል። ማን እንደሆነ እንኳ ሳላይ ዘጋሁት። ደግሞ ጠራ። ደግሜ ዘጋሁት። መልሴን ጨርሼ ላክሁና አፌን ሞልቼ «ይኸው!» አልሁ፤ ከግንቡ ኋላ፣ ብቻዬን።

ከዚያ የደወለልኝን ሰው አየሁ። ሐረገ ወይን ነበረች። መልሼ ብደውል ስልኳ ተይዟል አለኝ።

የቀረውን የነገሩኝ የመንደሩ ሴቶች ናቸው። እትዬ ካሣነሽ አውድማ ላይ ነበሩ። በሬዎቹ እህል እየረገጡ፣ እሳቸው ገለባ እየለዩ ሳለ ስልኩ ከመቀነታቸው ውስጥ ጮኸ። ልጅቷ እናቷ የሰሙ መስሏታል። አገር ምድሩ ያነበበውን እናት ሳትሰማ ትቀራለች ብሎ ማን ያስባል?

«እማዬ፣ እውነት ነው?» አለቻቸው።

«ምኑ ነው እውነቱ?»

«የባንቴ መሞት።»

እትዬ ካሣነሽ ስልኩን ከጆሯቸው ሳያወርዱ ቆመው ቀሩ አሉ። አጠገባቸው የነበረው በሬ የሚነዳው ጎረቤት ብቻ ነው፤ እሱም ምን እንደሆኑ አላወቀም። በሬዎቹ ዙሪያቸውን ሲዞሩ ሲዞሩ ቆይተው ነው ድምፃቸው የወጣው። ያን ጩኸት ሰምተው ከየቤታቸው የወጡት ሴቶች ሲደርሱ ሴትዮዋ ጭዱ ላይ በፊታቸው ተደፍተው ነበር። ያቀፋቸው አልነበረም። ከኋላቸው የቆመ አልነበረም።

ለቄሰ ገበዝ ከመንደሩ ሲደወልላቸው እኔ ተመልሼ ሽማግሌዎቹ መሐል ተቀምጫለሁ። ስልኩን ዘግተው አንድ በአንድ አዩን። «ከእናንተ ማን ነው?» አሉ። ሁሉም በየተራ ማለ። እኔ ጋ ሲደርሱ ሳይጠይቁኝ አለፉኝና ተነሥተው መቋሚያቸውን አነሡ፤ «እንግዲህ እንሂድ፣ ደርሰን እንኳ እንያዛት» አሉ። እኔን መጠየቅ የማያስፈልግ መስሏቸው ነው።

በማግሥቱ ቀበርነው። ሐረገ ወይን ከጎንደር የደረሰችው ልክ አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ነው። ወንድሟን ከማልቀስ በፊት እናቷ እግር ሥር ወደቀች። «እኔ ነኝ ያረዳሁሽ! በእኔ አፍ ሰማሽው!» እያለች መሬቱን ትደበድባለች። ሴቶቹ ሊያነሷት አልቻሉም። እኔ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሜአለሁ። አንዲት ቃል መናገር ይበቃ ነበር፤ አልተናገርሁም። ሰው ያለበት ቦታ ነው፣ ጊዜው አይደለም እያልሁ ራሴን አታለልሁ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። ስለ ባለሥልጣን ስጽፍ የማልፈራው ሰውዬ፣ አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ፈራሁ።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ትምህርቷን ትታ ቤት ቀረች። ስልክ አትነካም። የእናቷ ስልክ ከጠራ ተነሥታ ትወጣለች። እናቷን ዓይን ለዓይን አታይም፤ ምግብ አቅርባ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። ይህን ሁሉ ወገዳ ሆኜ እሰማለሁ። ጽሑፌንም አላጠፋሁትም። ማጥፋቱ ጥፋቴን ማመን ሆኖ ታየኝ።

የአርባው ሳምንት ቄሰ ገበዝ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። አልተቀመጡም።

«የወንድሜ ልጅ አሳየኝ» አሉ። «ሰዓቱንም አይቻለሁ። መስቀሌን የተሳለምኸው ከጻፍህ በኋላ ነው። እኔ አልረግምህም። ካሣነሽ ግን ትፈልግሃለች፣ የጻፍኸውን ይዘህ ና ብላለች።»

ቅዳሜ ዕለት ሄድሁ። መንደሩ ስልክ ይደወላል እንጂ ኢንተርኔት አይሠራም፤ ወገዳ ሳለሁ ከፍቼ ነበር የያዝሁት። እትዬ ካሣነሽ ጥቁር ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሐረገ ወይን ጥግ ላይ ምስር ትለቅማለች፤ ቀና ብላም አላየችኝ።

«ተቀመጥ መምህር» አሉኝ። «ይህች ልጅ መርዶ ነጋሪሽ እኔ ነኝ ብላ አርባ ቀን ሙሉ ፊቷን ከለከለችኝ። አንዱ ሞተብኝ፣ ሁለተኛዋም እንዲህ ሆነችብኝ። ከአንተ አፍ ትስማ። አንብብ።»

አነበብሁ። ስለ መንገዱ አነበብሁ፣ ስለ አውቶቡሱ፣ ስለ ቴሌቪዥኑ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ።

«ልጄ የታለ?» አሉ።

«አሁን ይመጣል እትዬ፣ ከታች ነው።»

«ከመንገዱ በታች ነው?»

«አዎን።»

«እሺ፣ ቀጥል።»

ስሙ ጋ ደረስሁ። ከዚያም «ሰዎቹ ያሉትንም አንብብ» አሉኝ። አንዱ መንግሥትን ይሰድባል። ሌላው ሰዳቢውን ይሰድባል። ዘር ቆጥረው የሚወራረፉ አሉ። አንዱ «በምን ስልክ ነው ያነሣኸው? ካሜራው ጥራቱ ግሩም ነው» ብሎ ጠይቋል። ያንን ልዘለው ነበር፤ አልዘለልሁትም። ውሸታም ያለኝ ሰው ጋ ስደርስ ስልኩን አወረድሁ።

«ሐረግ» አልሁ። «የደወልሽልኝ ለዚህ ሰው መልስ ስጽፍ ነው። የዘጋሁብሽም ለዚሁ ነው። ባነሣው ኖሮ እማማ ጋ አትደውዪም ነበር። መርዶውን የነገርኋቸው እኔ ነኝ፤ አንቺ አይደለሽም።»

የምስሩ ሰፌድ ከእጇ ወደቀ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር። ተነሥታ መጣችና እናቷ እግር ሥር ቁጭ አለች፤ ራሷን ጉልበታቸው ላይ ጣለች። እትዬ ካሣነሽ ጠጉሯን እየዳበሱ ወደ እኔ ተመለሱ።

«ከነዚያ ሁሉ ሰዎች ልጄን የሚያውቀው ስንቱ ነው?»

«እኔ ብቻ ነኝ እትዬ።»

«አንተ ታዲያ ስለ እሱ ምን አልህ? የእሱን ብቻ ድገምልኝ።»

አንድ መስመር ነበር። «ባንተአምላክ፣ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ወጣት፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ» ብዬ አነበብሁ።

«ሃያ ስድስት ነው» አሉ። «መስከረም ላይ ሃያ ስድስት ሞላው። ሃያ ዘጠኝን አላየም ልጄ።»

«አስተካክለዋለሁ እትዬ።»

«አስተካክለው እንጂ። እኔ እያየሁ።»

ዘጠኙን አጥፍቼ ስድስት ጻፍሁና ላክሁት። አልሄደም። ክቧ ምልክት ትዞራለች፣ ትዞራለች። እሳቸው ፊደል ባይለዩም ዓይናቸውን ከስልኩ ላይ አልነቀሉም። ቆየን። በመጨረሻ እዚህ ኢንተርኔት እንደማይሠራ፣ ወገዳ ስገባ እንደሚላክ ነገርኋቸው።

«የዚያን ዕለት ግን» አሉኝ፣ ቀስ ብለው፣ «እንዲህ አልቆየብህም።»