የእማማ ዷ ሞተር

«ዷ!»

ግቢው ውስጥ የተቀመጡት ለቀስተኞች በአንድ ጊዜ ብድግ አሉ። አንዲት ጎረቤት የሻይ ብርጭቆዋን ቀሚሷ ላይ ደፋችው። ከአጥሩ ጥግ ጭስ ሲነሳ ሁሉም ወደዚያ ዞረ። የሟች ልጅ ነው። እናቱ ከተቀበረች ገና ሦስተኛ ቀን፣ እሱ እጅጌውን ሰብስቦ ሞተር ብስክሌቷ አጠገብ ተንበርክኳል።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም?» አለው አጎቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እየተቆጣ። «ሰው ሊያጽናናህ ቢመጣ መድፍ ትተኩሳለህ?»

«አልነሳ ብሎኝ ነው።»

«ባይነሳስ? ዛሬ የት ልትሄድበት ነው?»

ወደ ሞተሩ ጎንበስ አለ። ከቀብር ከተመለሰ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶታል። «ያጽናህ» ሲሉት «አሜን» ይላል፤ ይነሳል፤ ለመጣው ሰው ወንበር ያመጣል፤ ሰው የተቀመጠበትንም ሊወስድ ይቃጣዋል። ሥራው ጄኔሬተር መጠገን ነው፤ እጁ ቁልፍ ካልያዘ ምን እንደሚያደርገው አያውቅም።

አጎቱ ራሱን እየነቀነቀ ሲሄድ ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ፈታ። ደህና ነው፤ ብልጭታውም ጠንካራ። ቤንዚን ይወርዳል። የአየር ማጣሪያው ንጹሕ ነው። መልሶ ገጠመና ማስነሻውን ረገጠ። ምንም። ደግሞ ረገጠ። ምንም።

እናቱ አዋላጅ ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚህች ሞተር ያልደረሰችበት ቤት የለም። ሞተሯ ድሮም አልፎ አልፎ ትተኩስ ነበርና ሰፈሩ እናቱን «እማማ ዷ» አላት። ተኩሱ ሲሰማ «ዛሬ ደግሞ የማን ቤት ይሆን?» ይባላል። በእሱ ሠርግ ቀን እንኳ ሙሽሮቹ ከተቀመጡ በኋላ ነበር ከበር ላይ «ዷ!» ያለችው። ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ እየሮጠች ገብታ አንገቱን አቅፋ፣ «ይቅር በለኝ ልጄ፣ መንታ ሆኑብኝ!» ስትል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ከኋላው ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ያን ዳገት በእግሯ! ሞተሯ ብትሠራ ኖሮ እኮ…»

«ልጇ ደግሞ ሜካኒክ ነው።»

«እስስ! ይሰማሻል።»

ሰምቷል። እነሱ የማያውቁትንም እሱ ያውቃል። ከወር በፊት ደውላለት ነበር። «ይቺ ሞተር አስቸገረችኝ፤ ሃያ ጊዜ ረግጬ ነው የምትነሳው፤ ስትነሳም ትተኩሳለች።» «እሁድ እመጣለሁ እማዬ» አላት። እሁድ አልሄደም። በሚቀጥለው ሳምንት ስትደውልም «እሁድ» አላት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትደውል ሥራ ላይ ስለነበር አላነሳም። ከዚያ በኋላ አልደወለችም።

በሞተችበት ማክሰኞ ሞተሯ እንቢ ስትላት ቦርሳዋን አንግታ ዳገቱን በእግሯ ወጣች። አዋለደች። ሕፃኗን ጠቅልላ ለእናቷ አስታቅፋ፣ እጇን ልትታጠብ ጎንበስ እንዳለች ወደቀች። «ልቧ ነው» አሉ ሐኪሞቹ።

አክስቱ፣ የእናቱ ታላቅ፣ ሻይ ይዛለት መጣች።

«እህል አልቀመስክም። ይህን እንኳ ጠጣ።»

«ሦስት ጊዜ ደውላልኝ ነበር፣ አክስቴ» አለ ቀና ሳይል። «ሞተሩን ሥራልኝ ብላ። ሦስት ጊዜ።»

አክስቱ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«አውቃለሁ። ሁለቱን እሁድ ምሳ ሠርታ ጠብቃሃለች።»

ይህንንስ አያውቅም ነበር። ቁልፉ ከእጁ ወደቀ።

«እኔም የምነግርህ አለኝ» አለች። «ልቧን ካመማት ዓመት አልፏታል። ሐኪሙ ዕረፍት አዟት ነበር። ‹ለልጄ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ከሰማ ሞተሬን ይቀማኛል› አለችኝ። ዝም አልኩ። እኔ ብናገር ኖሮስ?»

«ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ!» አለችና አጠገቡ አፈሩ ላይ ቁጭ አለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። እሱ አላለቀሰም። ቁልፉን አንስቶ ከእጁ ወደ እጁ ያገላብጠው ጀመር።

በዚህ መሃል ከእናቱ ጋር የምትሠራው ወጣት አዋላጅ እያለከለከች ከበር ገባች።

«በለቅሶ ቤት ይቅር በሉኝ። ማዶ ምጥ የያዛት ሴት አለች። የጤና ጣቢያው መኪና ሌላ ሕመምተኛ ይዞ ሩቅ ሄዷል። ሞተሯ ትነሳ እንደሆነ ብዬ ነው። መንዳቱን እሷ አስተምራኛለች።»

የሟቿ ልጅ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ቆዪ» አላትና ደግሞ ረገጠ። አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ። ሞተሯ አንዴ አስነጠሰች፤ «ዷ!» አለችና እየተንተፋተፈች ተነሳች። ሳትጠፋበት እጁን በየመጋጠሚያው ላይ አስኬደ። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ላይ መዳፉን ሲጭን መንተፋተፉ ቆመ። እጁን ሲያነሳ ተመለሰባት። ጎማው ከሥር፣ ከማይታይበት በኩል ተሰንጥቆ አየር ያስገባል። በቃ፣ ይኸው ነው! የሩብ ሰዓት ሥራ።

የሩብ ሰዓት ሥራ።

ሞተሩን አጥፍቶ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ላይ ቁራጭ ቆረጠ፤ ስንጥቁን ደራርቦ ጠቀለለው፤ በሽቦ ጥፍር አድርጎ አሰረው። «ይህ ለዛሬ ነው፤ ነገ አዲስ እቀይርልሻለሁ» አላት ወጣቷን። ረገጠ። በሁለተኛው ተነሳች፤ ሳትተኩስ፣ በለስላሳ ድምፅ። ከለቀስተኞቹ አንዷ ያንን ድምፅ ስትሰማ እሪ ብላ አለቀሰች።

ወጣቷ ቦርሳዋን አንግታ ሞተሯ ላይ ወጣች። ቁመተ ረጅም ናት፤ የጎን መስታወቱ ደረቷን ነው የሚያሳያት። ልታስተካክለው እጇን ስትዘረጋ ቀደማት።

«ተይው፣ እኔ ላድርገው» አለ።

እናቱ ለራሷ ቁመት አስተካክላ የተወችውን መስታወት በሁለት ጣቶቹ ይዞ ቀስ እያለ ወደ ላይ አዞረው።

«አየሽ?»

«ትንሽ… እዚያ ላይ። አየሁ።»

መስታወቱን ሊለቀው ይገባ ነበር፤ ጣቶቹ ግን አልለቅ አሉ። ወጣቷ የፍሪሲዮኑን እጀታ እንደጨበጠች ጠበቀችው፤ እሱም ጣቶቹን አንድ በአንድ አነሳ።