የሬድዮው ኢስሃቅ

ኢስሃቅ ሐይቅ ከተማ ዓሣ ይሸጥ ነበር፤ ስሙ የተጠራው ግን በዓሣው ሳይሆን በጉሮሮው ነው። ሰርግ ቤት አምባሰል ሲያወርድ፣ ወጉን ልታደርስ የምታለቅሰው ሙሽራ እንኳ ለቅሶዋን ረስታ ታዳምጣለች። ዱአ ላይ ደግሞ ሰዉ ምርቃት ሲቀበል የሱ አሚን ከሁሉም በላይ ይሰማል። ሐይቅ ላይ ምርቃት ሰምቶ ዝም ማለት መራቂውን እንደ መስደብ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል።

ታዲያ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የኪነት መልማዮች በላንድሮቨር መጡ። አብዮቱ የሰፊውን ሕዝብ ድምፅ ይፈልጋል አሉ። ኢስሃቅ አንድ አምባሰል ቢያወርድላቸው አለቃቸው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠና ሲጨርስ መረጠው። ባሏ የሞተባትና ከሱ ሌላ ልጅ የሌላት እናቱ ዘሀራ መኪናው ድረስ ሸኘችው።

«ልጄ፣ ልብስም ስንቅም ላክልኝ አልልህም። ብቻ በዚያ ሬድዮ ድምፅህን አሰማኝ» አለችው።

«በየሳምንቱ ትሰሚኛለሽ፣ እማ» ብሎ ማለላት።

አዲስ አበባ የጠበቀው አሰልጣኝ ዘፈንን ባሕር ማዶ ተሻግሮ የተማረ ሰው ነበር። የመጀመሪያው ልምምድ ስለ ትራክተር የተደረሰ መዝሙር ሆነ። ኢስሃቅ አፉን ሲከፍት መዝሙሩ ሳያስበው ወደ አምባሰል ታጠፈበት። አሰልጣኙ አስቆመውና ትራክተሩን አስለቀስከው አለው። ትካዜ የንዑስ ከበርቴ ጠባይ መሆኑን፣ ሰፊው ሕዝብም በአንድ ድምፅ ብቻ መዘመር እንዳለበት በሰፊው አስረዳ። ሆኖም የኢስሃቅ ቁመና ለመድረክ ያምራል፤ የተሰፋለት የደንብ ልብስም ልክክ ብሎለታል። ስለዚህ ከኋላ ተሰልፎ አፉን ብቻ እንዲያንቀሳቅስ፣ ድምፅ ግን እንዳያወጣ ታዘዘ። የሕዝብ ድምፅ ፍለጋ ሐይቅ ድረስ የሄዱት ሰዎች ጉሮሮውን ትተው አፉን ቀጠሩት ማለት ነው።

ሰው ሁሉን ይለምዳል፤ ኢስሃቅም ለመደ። የአንገቱ ሥር ተገታትሮ፣ ግንባሩ አልቦት፣ ያለ አንዳች ድምፅ መዘመር ቻለ። አሰልጣኙ እንዲያውም ለሌሎቹ ምሳሌ ያደርገው ጀመር፤ ከቡድኑ አንድም ቀን ስቶ የማያውቅ እሱ ብቻ ነው እያለ። ሙገሳውን በሰማ ቁጥር እናቱ ትዝ ትለዋለች። በደሴ ሾፌሮች ግን እየዘፈንኩ ነው በሏት እያለ ይልክላት ነበር።

የአብዮት በዓል ደረሰ። ዝግጅቱ በቀጥታ በሬድዮ ይተላለፋል፤ አዳራሹ በሹማምንት ጢም ብሏል። መሪ ዘፋኟ ስለ እናት አገር ስታዜም ቆይታ፣ «ዘመንሽ ይባረክ፣ ልጆችሽ ይብዙ» ብላ ስንኟን አሳረፈች። እዚህ ላይ ከበሮው መግባት ነበረበት። ከበሮ መቺው ከሹማምንቱ ፊት መቆሙ አስደንግጦት ኖሮ እጁ ደረቀ። አዳራሹ ጭጭ አለ። ያ ሁሉ ምርቃት ተቀባይ አጥቶ አየር ላይ ቀረ።

ኢስሃቅ ይህን ሊችል አልቻለም። «አሚን» አለ፣ በሙሉ ጉሮሮው።

ከፊት የተቀመጡ አንዳንድ ጓዶች ሳያስቡት እጃቸውን ዘረጉ፤ ወዲያው ደግሞ ነቅተው ወደ ጭብጨባ ለወጡት።

ግምገማው ረጅም ነበር። በማን ትእዛዝ አሚን እንዳለ ተጠየቀ፤ እናቴ ናት ያስለመደችኝ አለ። ከኋላዋ ማን እንዳለ ተጠየቀ፤ ከቤታችን ኋላ ያለው ሐይቁ ብቻ ነው አለ። በመጨረሻ ዝም ማለት የማይችል ሰው ዘፋኝ ሊሆን አይችልም ተብሎ ተባረረ።

በጭነት መኪና ወደ አገሩ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ለእናቱ የሚላትን ሲያወጣና ሲያወርድ ዋለ። ሐይቅ ሲወርድ የሀምዱ ሻይ ቤት ደንበኞች ብድግ ብለው ተቀበሉት። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ታረቀኝ አቅፎ ሳመውና በየሳምንቱ በሬድዮ እየለየ ይሰማው እንደነበር፣ ድምፁ የሚመጣውም ከግራ በኩል እንደሆነ ለሰዉ አስረዳ። ሻይ ቤቱ በሙሉ እኛም ሰምተነዋል አለ። ኢስሃቅ አቀርቅሮ ወጣ።

ቤት ሲደርስ መምጣቱን የሰማ ጎረቤት ለዱአ ተሰብስቧል፤ ክርስቲያኑ ጎረቤታቸው አቶ ባዬም ጥግ ይዘዋል። እናቱን ጎትቶ ጓሮ ወሰዳት።

«እማ፣ ዋሽቼሻለሁ። አንድም ቀን አልዘፈንኩም። አፌን ብቻ ነበር የማንቀሳቅሰው።»

ዘሀራ ትከሻውን ያዝ አደረገችው።

«ሰዉ ሁሉ ሰማነው ሲል እኔ ብቻ አልሰማህም ነበር። ያረቢ፣ ጆሮዬን ወሰድከው ወይ ብዬ ስንት አለቀስኩ። አሚን ያልክ ለት ነው ጆሮዬ ደህና መሆኑን ያወቅሁት። አብሽር፣ አይዞህ፣ ግባ።»

ገቡ። ዘሀራ እጇን ዘርግታ ከመንገድ በሰላም ስለተመለሰው ልጇ መረቀች። ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። ኢስሃቅም ከሰዉ ጋር አፉን ከፈተ፣ የአንገቱ ሥር ተገታተረ፣ ግንባሩ አላበው፤ ድምፅ ግን አልወጣውም።

እናቱ የዘረጋችውን እጅ ሳታጥፍ ዘወር ብላ አየችው።

«ኢስሃቅ» አለችው፣ «አልሰማሁህም።»