የኦቦ ኩምሳ አውራ ጣት

የአምቦ ሰው በአካል ተሰዳድቦ አልጠግብ ቢል፣ በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት ፌስቡክ ደረሰለት። «የአምቦ ልጆች ጨዋታ» የሚባል ግሩፕ ተከፈተ። ስሙ ጨዋታ ይሁን እንጂ ጨዋታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። አንዱ ባጃጅ ውስጥ ዘፈን ይከልከል ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው አንተ ራስህ ትከልከል ይለዋል። አንዱ ሚስት የባሏን ስልክ መበርበር መብቷ ነው ወይ ብሎ ቢጠይቅ እናቱ ድረስ ተሰደበ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ባዩ ሁሉ እዚያ ነው። ግማሹ ደግሞ የገዛ ስሙን ለመጻፍ እንኳ የማይደፍር፣ በአበባና በአንበሳ ሥዕል የተከለለ ፈሪ ነበር።

ኦቦ ኩምሳ የገባው እዚህ መሐል ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ከተማው ግን በሒሳቡ ሳይሆን በሰላምታው ነው የሚያውቀው። ገበያ ለመድረስ ከሌላው ሰው እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ያገኘውን ሁሉ «አካም ቡልቴ? ነጋ? ልጆቹስ? ከብቱስ? ነጋ?» ብሎ እንዴት እንዳደረና ሰላም መሆኑን ሳይጠይቅ አያልፍምና። ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ ለኩምሳ ከስድብ አይተናነስም።

ፌስቡክ የከፈተለት ልጁ ለሊሳ ነው። ለሊሳ ሸነን በምትባል ከተማ በጤና ባለሙያነት ይሠራል፤ እሁድ ከሰዓት መኪና እንዳያመልጠው እየተጣደፈ ነበር ያስተማረው።

«ይቺ አውራ ጣትስ ምንድን ናት?» አለ ኩምሳ።

«ላይክ ናት፣ አባዬ። ስትነካት የጻፈው ሰው እንዳየህለት ያውቃል።»

«አሃ! ሰላምታ ናታ!»

«እንደዚያ በላት» አለ ለሊሳ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ እየወጣ።

ከዚያ ወዲያ ኩምሳን ማን ይቻለው! በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ ስልኩን ከመነጽሩ አርቆ ይዞ፣ ግሩፑን ከላይ እስከ ታች ይወርደዋል። ያገኘውን ሁሉ ነካ እያደረገ ያልፋል። ራሱ ግን አንዲት ቃል ጽፎ አያውቅም።

በዚያው ሰሞን ቤቱ በትልቅ ጉዳይ ተጠምዶ ነበር። ለሊሳ እዚያው ሸነን የምታስተምር ጃለኔ የምትባል ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። አባቷ ኦቦ አመዩ ግን ለማያውቀው ቤት ልጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም። በልጅነቱ አምቦ ሲማር ያስተማረው መምህር ጉደታ ነበርና፣ «ሽማግሌ ላኩ፤ ጋሼ ጉደታ ከሌለበት ግን አትድከሙ። እሱ ቆሞ ስለ አባትየው ከመሰከረ ልጄን እሰጣለሁ» ብሎ ላከ። ጉደታ ደግሞ የኩምሳ የግንብ ጎረቤት፣ ከወጣትነት ጀምሮ የልብ ወዳጁ ነው። ሲነግሩት ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ጋቢዬን አሳጥቡልኝ አለ።

የሽምግልናው መንገድ ሳምንት ሲቀረው ጉደታ ሆዬ ግሩፑ ላይ ጽሑፍ አወጣ። ቀብር ላይ፣ ሬሳው ወደ ጉድጓድ ሲወርድ፣ የአንዱ ወጣት ሞባይል በጭፈራ ዘፈን ጮኾ ነበር፤ «ልጆቼ፣ ቢያንስ ለቅሶ ላይ ስልካችንን እናጥፋ» ነው ያለው። ሌላ ምንም አላለም። ውሾቹ ግን ተለቀቁበት።

ኩምሳ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ሆኖ አንድ በአንድ አነበበው። «ሽማግሌው ሞባይል መግዣ ቢያጣ ነው የተናደደው» ይላል አንዱ። ነካ አደረገና አለፈ። «በአለንጋ ሲገርፈን ኖሮ ዛሬ ልጆቼ ይለናል እንዴ!» ይላል ሌላው። ይህንንም ነካ። ቀጥሎ በአንበሳው ሥዕል የተሸፈነው መጣ፤ «ራሱ ልጅ ሳይወልድ ያረጀ መካን ስለ ወጣት ምን አገባው?»

እዚህ ላይ የኩምሳ እጅ ቆመ። ጉደታና ሚስቱ በዚህ ነገር ስንት እንዳለቀሱ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። «እነዚህ ባለጌዎች!» አለ ለብቻው። ልጻፍላቸው ይሆን ብሎ ትንሽ አሰበ፤ ወዲያው ግን እሱንም እንዲህ ዘቅዝቀው ሲያላግጡበት ታየውና ተወው። አውራ ጣቷን ነካትና አለፈ።

በማግሥቱ ጠዋት ጉደታን በር ላይ አገኘው። «አካም ቡልቴ፣ ጉደታ?» አለ። ጉደታ ፊቱን አዙሮ ሄደ። ኩምሳ እጁን እንደዘረጋ ቀረ፤ በዕድሜው እንዲህ ተዋርዶ አያውቅም። ከሰዓት ደግሞ ከጉደታ መልእክት መጣ፦ ለሸነኑ ጉዳይ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ለሊሳ በድንጋጤ ከሸነን እየከነፈ መጣ። የአባቱን ስልክ ተቀብሎ ጥቂት እንዳየ ፊቱ ዓመድ መሰለ።

«አባዬ፣ ምን ነካህ? ስድቡን ሁሉ ወደድኩት ብለሃል እኮ! እያንዳንዱ ሥር ያንተ ስም ከነፎቶህ ተደርድሯል!»

«ሰላምታ ነው አላልከኝም?»

ኩምሳ ወዲያው ተነሥቶ ኦቦ ኡርጌን ጠራ፤ ኡርጌ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነው፣ ያስታረቀው ባልና ሚስት ከተማ ይሞላል። ሁለቱ ጉደታ ሳሎን ገብተው ተቀመጡ። ኡርጌ ነገሩን ከሥሩ አስረዳ፤ ስለ አውራ ጣቷ፣ ስለ ሰላምታው፣ ስለ ልጁ ጥድፊያ ተናገረ።

ጉደታ ሰምቶ ሲጨርስ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ዓይኑ ጋ አልደረሰም።

«አምናለሁ። ኩምሳ ሬሳም ቢያገኝ ሰላም ሳይለው አያልፍም። ይቅር ብያለሁ።»

ኩምሳ ተንፈስ አለ፤ ጉልበቱን ሊስም ብድግ ማለት ጀመረ።

«ቆይ፣ ተቀመጥ» አለው ጉደታ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሳታነብ ነው የነካኸው ወይስ አንብበህ?»

አላነበብኩም ቢል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ግን ለጉደታ ዋሽቶት አያውቅም።

«አንብቤ» አለ።

«የመካኑንም?»

«እሱንም።»

«ሁሉንም ሰላም ስትል ለእኔ አንድ ቃል አጣህልኝ? ተዉ ልጆች፣ አውቀዋለሁ፣ ጥሩ ሰው ነው ማለት አቃተህ?»

ኩምሳ ወለሉን እያየ፣ «እኔንም ይሰድቡኛል ብዬ ፈራሁ» አለ።

ኡርጌ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ኦቦ ጉደታ፣ ሰው ነውና ይሳሳታል፤ የልጁን ነገር ግን…» ሲል ጉደታ እጁን አነሣበት።

«ለሊሳ ልጄ ነው። ሸነን ብሄድ ግን አመዩ የሚጠይቀኝ ስለ ለሊሳ አይደለም፤ አባትየው ምን ዓይነት ሰው ነው ነው የሚለኝ። እኔ ባስተማርኩት ሰው ፊት ቆሜ፣ ኩምሳ ሰው ሲዋረድ ዝም ብሎ አያይም፣ ቤቱ ለልጅህ መከታ ነው እንድል ትፈልጋላችሁ። በፊት እል ነበር፤ አምኜ። አሁን ብል ውሸት ነው።»

ጉደታ እንደ ወጉ እስከ በሩ ሸኛቸው።

ለሊሳ በአጥሩ በኩል ቆሞ ይጠብቅ ነበር። አባቱን ሲያይ ሮጦ መጣ።

«ምን አሉ፣ አባዬ? ላይኩን ሳታውቅ መንካትህን ነገርካቸው?»

«ላይኩንማ ይቅር ብሎኛል» አለ ኩምሳ።