የመምህርቷ የመጨረሻ ተማሪ

መምህርቷ ጡረታ ከወጣች ወዲህ የቀራት ተማሪ አንድ ብቻ ነበር፤ ባሏ።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። መጀመሪያ የደንበኞቹን ስም ረሳ፤ ስም የማይረሳ ማን አለ ተብሎ ታለፈ። ቀጥሎ ለአንድ ሱሪ ሦስት እግር ቆርጦ ተገኘ። ያን ቀን አብረው ሲስቁ ቆዩና እሷ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ሆስፒታል ወሰደችው። ዶክተሯ መርምራው ስትጨርስ ለዚህ የመርሳት በሽታ አዲስ መድኃኒት እየተሞከረ መሆኑን ነገረቻቸው።

«ይሥራ አይሥራ ገና አልታወቀም። ግማሹ ሰው የሚወጋው መድኃኒት የሌለበት መርፌ ነው፤ ለማን የትኛው እንደደረሰው እኔም አላውቅም። ጥናቱ ውስጥ ለመግባት መጀመሪያ ፈተና አለ።»

ከዚያ ሁሉ ንግግር መምህርቷ ጆሮ ውስጥ የቀረው ፈተና የሚለው ቃል ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልጅ ለፈተና ስታዘጋጅ የኖረች ሴት ምን ታድርግ? የሰው ልጅ ያሳለፈች የገዛ ባሏን ልትጥል ነው?

ዶክተሯ ስትመረምረው አጠገቡ ስለነበረች ጥያቄዎቹን ይዛቸዋለች። ቀኑን መናገር፣ ሰዓት መሳል፣ አምስት ቃላት ሰምቶ ቆይቶ መድገም። ጠዋት ጠዋት ታስጠናው ጀመር። ቃላቱ አልያዝ ሲሉት፣ አንደኛ ክፍሎችን ማባዛት ባስተማረችበት ዜማ አስገባቻቸው። በር፣ ጥጥ፣ ፈረስ፣ ሎሚ፣ ድልድይ።

«አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ዕድሜዬ አንደኛ ክፍል መለስሽኝ» ይላታል የስፌት መኪናውን እየረገጠ።

«ወሬውን ተወውና ድገም። ብትወድቅ ቤት አላስገባህም።»

እንደ ውሃ ጠጣው። የፈተናው ቀን እሷ በር ላይ ቆማ ስትቁነጠነጥ፣ እሱ ኮሌታውን እያስተካከለ ወጣ።

«ደፈንኩት» አላት።

ዶክተሯ ግን መምህርቷን ብቻዋን ጠራቻት። «እማማ፣ ደስ ይበልዎት ልበል ወይስ ልዘን እኔም ግራ ገባኝ። የባለቤትዎ ውጤት ከፍ ብሏል። ጥናቱ የሚቀበለው በሽታው በፈተናው ላይ የታየበትን ሰው ነው። ልናስገባቸው አንችልም።»

መምህርቷ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች። በመስኮቱ በኩል ባሏ ለጥበቃው እንዴት እንዳለፈ ሲያወራ ይታያታል። አስጠንቼው ነው ማለት ከበዳት፤ ተማሪ ሲኮርጅ አይታ የቀጣች ሴት ናት። ባሏን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

ስንት ሌሊት ስትገላበጥ ከርማ ተመልሳ ሄደችና ሁሉንም ተናገረች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ዶክተሯ አልተቆጣቻትም። «ጥፋቱ የኔም ነው፤ አያስጠኗቸው ማለት ነበረብኝ። በሌሎች ቃላት ደግመን እንፈትናቸዋለን። ደንቡ ግን ስድስት ወር ጠብቁ ይላል።»

እነሱ ጠበቁ፤ በሽታው አልጠበቀም። መጀመሪያ መቀሱን ወሰደ፣ ከዚያ የቤቱን መንገድ፣ ከዚያ የልጆቹን ስም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ግን ያፈሰሰችው የሚለቀም አልሆነም።

በሁለተኛው ፈተና ዶክተሯ አዲስ ቃላት ሰጠችው። እሱም ተረጋግቶ፣ በዜማ፣ በር፣ ጥጥ፣ ፈረስ ብሎ እስከ መጨረሻው ወረደው። ሌላውን ጥያቄ ሁሉ በዚያው ዜማ መለሰ።

«አሁን ደግሞ ከሚፈለገው በታች ሆነ፤ ጥናቱ በሽታው የገፋበትንም ሰው አይቀበልም» አለች ዶክተሯ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ። «በጣም አዝናለሁ፣ እማማ።»

ምናልባት መድኃኒቱ ያቆምለት ነበር። ምናልባትም የሚደርሰው ባዶው መርፌ ነበር። ያንን ማንም አያውቅላትም፤ አንጀቷን የሚያሳርራትም ይኸው ነው።

ኮሪደሩ ላይ ባሏ ኮሌታውን እያስተካከለ ጠበቃት። ትክ ብሎ አያት። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ አንቺ እንጂ አንቱ ብሏት አያውቅም።

«መምህርት» አላት እንደ ተማሪ እጁን አጣምሮ፣ «አለፍኩ ወይ? ባለቤቴ ውጤቴን እየጠበቀች ነው። ከወደቅኩ ቤት አታስገባኝም ብላለች፤ እባክዎ ይንገሩልኝ።»

መምህርቷ ኮሌታውን አስተካከለችለት፤ ተስተካክሎ ነበር።

«ደፍነኸዋል» አለችው። «እነግርልሃለሁ።»

ደስ ብሎት ዜማውን ጀመረ። እሷም እጁን ይዛ አብራው አዜመች። ሎሚ ላይ ስትደርስ ድምጿ ተቆረጠ፤ የቀረውን እሱ ብቻውን ጨረሰው።